ከጁምላ 3 መሻገር፦ የድረ ገጽዎን ማህደር ሳያጡ

የመስጂድ፣ የመድረሳ ወይም የበጎ አድራጎት ማኅበር ድረ ገጽ በጁምላ የምታስተዳድሩ ከሆነ በቅድሚያ የትኛውን ስሪት እንደምትጠቀሙ እዩ። ለጁምላ 3 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 2023 አብቅቷል። ገጹ ዛሬም ይከፈት ይሆናል፤ ከዚያ ወዲህ የተገኘ የደህንነት ክፍተት ግን ለሰርጎ ገቦች ክፍት በር ነው።

ወደ ጁምላ 4 መሻገር አንድ ቁልፍ በመጫን ብቻ አያልቅም። ጽሑፎቹ ይሻገራሉ፤ የጁምላ 3 ቴምፕሌት ግን በአዲሱ ላይ አይሠራም። ስለዚህ፦

1. የፋይሎቹንም የዳታቤዙንም ሙሉ ቅጂ ወስዳችሁ ከሰርቨሩ ውጭ አስቀምጡ። ጽሑፉ ያለው በዳታቤዙ፣ ምስሉና ድምፁ በፋይሎቹ ውስጥ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም።

2. በቅጂው የሙከራ ገጽ ሠርታችሁ ወደ 3.10 ከፍ አድርጉት። ወደ 4 የሚያሻግረው ድልድይ ይህ ስሪት ነው፤ ከአዲሱ ጋር የማይስማሙ ተጨማሪ ፕሮግራሞችን የሚጠቁም ቅድመ ፍተሻም አለው።

3. ከተሻገራችሁ በኋላ የቆዩ ጽሑፎችን ከፍታችሁ አንብቡ። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። ዳታቤዙ ፊደላችንን በማያውቅ ኮድ ከተገለበጠ ጽሑፉ በጥያቄ ምልክት ይተካል፤ ያኔ ከቅጂው በቀር መመለሻ የለውም።

ሙከራው ሲሳካ ዋናውን ገጽ አሻግሩ። ጁምላ 4ም መሸጋገሪያ እንጂ ማረፊያ አይደለም፤ ጁምላ 5 እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ወጥቷል፣ ጉዞውም ወደዚያ መቀጠል አለበት።

የዓመታት ትምህርትና ዜና የተከማቸበት ማህደር አማና ነው። ቅጂ ሳትይዙ አትነሡ።