መኪና የማይደርስበት የብስክሌት መንገድ



የዚህ ወር ርዕሳችን አንድ የቢቸና አባት ካቀረቡልኝ ጥያቄ የመጣ ነው። ከዙሁር ሶላት በኋላ መስጊዱ በር ላይ አግኝተውኝ፣ «ወንድሜ፣ ልጄ ብስክሌት ግዛልኝ እያለ ቀንም ሌሊትም ይነዘንዘኛል። እኔንም ሐኪሙ ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ ተንቀሳቀስ ብሎኛል። ብገዛው ለሁለታችንም ይሆን ነበር። ግን በዚህ መንገድ ላይ ልጅን ማን አምኖ ይለቃል?» አሉኝ።

ስጋታቸው የሞጣም፣ የሌላውም ከተማ ወላጅ ስጋት ነው። ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ የጭነት መኪናው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ የተጫነው አህያና እግረኛው ተጋፍተው ይሄዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። ስለዚህ ፈሪ አልኳቸው እንዳይመስላችሁ። መልሴ «ይግዙት፣ ግን እዚህ መንገድ ላይ አይደለም የሚነዳው» የሚል ነበር። ታዲያ የት? ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ሐኪሙ ለምን «ተንቀሳቀስ» እንዳሉ በአጭሩ እንይ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) መመሪያው ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ለልጆች ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ይመክራል። በኮፐንሃገን ተካሂዶ በ2000 የታተመ ትልቅ ጥናት በብስክሌት ወደ ሥራ የሚመላለሱ ሰዎች፣ ሌላው ሁኔታቸው ሁሉ ከታሰበ በኋላ እንኳ፣ በጥናቱ ዘመን የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ28 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። እግር ፔዳል ሲመታ ትልልቆቹ የጭንና የዳሌ ጡንቻዎች ስኳርን ከደም ስበው ይጠቀሙበታል፤ የደም ግፊትም በጊዜ ብዛት ይረግባል። የሰውነት ክብደት በኮርቻው ላይ ስለሚያርፍ እንደ ሩጫ ጉልበትን አይቀጠቅጥም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ትልልቅ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ።

የእንግሊዞቹ ብልሃት

እንግሊዝ አገር መኪና ድርሽ የማይልባቸው የገጠር የብስክሌት መንገዶች አሉ። ብዙዎቹ ድሮ የባቡር ሐዲድ የነበሩ ናቸው። በ1963 (እ.ኤ.አ.) ቢቺንግ የተባሉት የባቡር ድርጅት ኃላፊ አትራፊ ያልሆኑ መስመሮች እንዲዘጉ ሐሳብ አቀረቡ፤ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር መስመርም ተዘጋ። ሕዝቡ ተቆጣ፣ አዘነ። ኋላ ግን በአንዳንድ ቦታ ሐዲዱ ተነቅሎ መሬቱ ለእግረኛና ለብስክሌት ተለቀቀ። በደርቢሻየር ተራሮች የሚገኘው የቲሲንግተን መንገድ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የተከፈተው በ1971 ነው። ብሪስቶልንና ባዝን የሚያገናኘውም በርዝመት ከዚህ አይርቅም።

ባቡር ዳገት አይወድም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ጉብታውን ቆርጠው፣ ሸለቆውን በድልድይ ተሻግረው መንገዱን እጅግ ለስላሳ ዘንበል አደረጉት። ዛሬ ስድስት ዓመት ሕፃንም ሰባ ዓመት አዛውንትም ሳያለከልኩ የሚነዱበት ምስጢር ይኸው ነው፤ መኪና የለም፣ ዳገት የለም። ጎጃም ባቡር ደርሶ አያውቅምና የተተወ ሐዲድ አንፈልግም። ሁለቱን ነገሮች ግን በሰፈራችን መፈለግ እንችላለን።

ሞጣና ቢቸና

መኪና የሌለበት መንገድ ስንል ሞጣ ላይ መጀመሪያ ትዝ የሚለን ወደ ዓባይ የሚወርደው የጥንቱ የእግርና የበቅሎ መንገድ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈርሶ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ከዚያ በኋላ ጎጃምና ጎንደር ለመሻገር ሰዎች በገመድ እየተጎተቱ አለፉ። ኬን ፍራንዝ የተባሉ አሜሪካዊ የተሰበረውን ድልድይ ፎቶግራፍ መጽሔት ላይ አይተው ገንዘብ አሰባስበው መጡ፤ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ተጠገነ። ዓባይ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞልቶ ጥገናውን ወሰደው፤ በ2009 ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። መኪና የማያልፍበት፣ ሰውና ከብት ብቻ የሚሻገርበት መንገድ ነው።

ሆኖም ልጃችሁን ይዛችሁ በብስክሌት ወደዚያ ውረዱ አልልም። የመጀመሪያው ሁኔታ ተሟልቷል፣ ሁለተኛው የለም። ከደጋው ወደ ቆላው የሚወርደው ቁልቁለት ልማድ ላለው ሰው እንኳ ፍሬን ያግላል፤ መመለሻው ደግሞ ብስክሌት ተሸክሞ መውጣት ነው። ለቤተሰብ የሚሆነው ገደሉ ሳይሆን ከላይ ያለው ሜዳ ነው።

ቢቸናም ሞጣም 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ባለው አምባ ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። ከከተማው ዳር ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወጡት፣ ገበያተኛና ከብት የሚመላለስባቸው መንገዶች ለጀማሪ በቂ ናቸው። ዳገት የሌለበትን ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ሜትር በመጀመሪያ በእግር ሄዳችሁ እዩት። ገደል ወይም ጥልቅ ቦይ ካለበት ተዉት፤ ባጃጅ የሚገባበት ከሆነም ሌላ ፈልጉ።

የቢቸና ሰው የማያስፈልገው ምክር ቢሆንም ልንገራችሁ፤ ዋልካ አፈር ዝናብ ከነካው በኋላ ብስክሌት አያስነዳም። ጭቃው ጎማና ፍሬን መካከል ገብቶ እንደ ምርግ ይጋገራል፣ ብስክሌቱም ይቆማል። ስለዚህ ከመስከረም ማብቂያ እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ይሻላል። ያኔም ቢሆን አቋራጭ ብላችሁ ጤፍ ወዳለበት ማሳ አትግቡ። የሰው ሐቅ ነው።

እህቶችና ትልልቆች

ሴት ልጆችስ? ይህን ጥያቄ እናቶች ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠይቁኛል። ጭር ያለ መንገድ ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ተመልካች በሌለበት ከአባቷ ወይም ከወንድሟ ጋር ትነዳለች። መካከለኛው ብረት ዝቅ ያለና ሰንሰለቱ መሸፈኛ ያለው ብስክሌት ይመረጥላት። ጅልባቡ ወይም ቀሚሱ ወደ ኋላ ጎማ እንዳይገባ ከጎን ይሰብሰብ፤ ሰንሰለት የያዘው ጨርቅ ሰው ይጥላል። ለሁሉም የራስ መከላከያ ቆብ ያስፈልጋል፤ ለሴቷ ከሒጃቡ በላይ በልኳ ይታሰር።

የኮርቻውን ከፍታ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፔዳሉ ወደ ታች ሲደርስ ጉልበት ጥቂት ብቻ የታጠፈ ይሁን። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበት ያማል፣ ጥፋቱም በብስክሌቱ ይሳበባል።

ለስኳር ሕመምተኞች ቀደም ብዬ የነገርኳቸውን አባት ምክር ልድገመው። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የምትወስዱ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ባዶ ሆድ አትንዱ፤ ብቻችሁንም አትሂዱ። መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ድንገተኛ ረሃብ ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ ስኳር ወርዷል ማለት ነው። ወዲያው ወርዳችሁ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ካልተሻለ ድገሙት። ደረት ላይ ሕመም የተሰማው ሰው ግን ጉዞውን እዚያው ያቁም፣ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። በረመዷን ጤናማው ሰው ከኢፍጣር በፊት ባለችው ሰዓት ቀስ ብሎ ቢነዳ ውሃና ምግቡ ቅርቡ ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ጾመኛ ግን ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሞክረው።

ስንቅ በተመለከተ የታሸገ ጣፋጭ መጠጥ አያስፈልግም። ውሃ፣ አንድ እፍኝ ቆሎ፣ በሶና ጥቂት ተምር ለአንድ ሰዓት ጉዞ ይተርፋል። ከቆላ አገር የመጣ እንግዳ ካላችሁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አታስቸኩሉት፤ በዚህ ከፍታ እያንዳንዱ እስትንፋስ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው።

የገጠር ውሾችን ነገር ሳልነሳ አላልፍም። ውሻ ሲያሳድድ ማምለጥ ይከብዳል፣ ልጅም ይወድቃል። ወርዳችሁ ብስክሌቱን በእናንተና በውሻው መካከል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ከነከሰ ግን ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ድረሱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም። ክትባቱ ነው የሚያድነው፣ ያም በጊዜው ከተጀመረ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት ምክንያት ከከተማ መውጣት በየዕለቱ የሚታይ ጉዳይ ሆኗል። የአካባቢውን ሽማግሌዎች ሳትጠይቁ ልጅ ይዛችሁ ወደ ገጠር አትውጡ። መውጣት በማይቻልበት ጊዜ ሌላ መንገድ አለ። ጤና ሚኒስቴር በዶክተር አሚር አማን ዘመን፣ በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብሎ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የእሑድ ማለዳ መንገዶችን ለመኪና ዘግቶ ለሰው ከፍቷል። በቢቸና ወይም በሞጣ የሰፈር ሰዎች ከአስተዳደሩ ጋር ተነጋግረው አንድ የውስጥ መንገድ በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢያዘጉ ምን ይጠይቃል? ሁለት ገመድና ጥቂት ፈቃደኛ ወጣቶች።

አባትየው ብስክሌቱን ገዝተዋል። ያገለገለ ነው፤ ፍሬኑን አሳድሰው፣ ካላማዳሪውን አስለጥፈው አገኙት። ባለፈው ቅዳሜ ከፈጅር በኋላ ከከተማው ዳር ልጅየው ሲነዳ እርሳቸው ከኋላው በፍጥነት ሲራመዱ አየኋቸው፤ ሐኪሙ ያዘዟቸው እንቅስቃሴ በዚያ ተሟልቷል። ተራቸው ሲደርስ ግን ልጁ አለቅም ብሎ ነበር።