ስለ አደገኛ ዕቃና ዕቃው ከገበያ ስለሚመለስበት ሥርዓት

ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ማንበብ ለሚችሉ ሽማግሌዎች

በሙሴ ሕግ ስለ ተዋጊ በሬ የተሠራውን ሥርዓት ሁላችን እናውቀዋለን። በሬ ሰውን ወግቶ የገደለ እንደ ሆነ፥ ተዋጊነቱ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ከሆነ ባለቤቱ ንጹሕ ነው፤ አስቀድሞ ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳለ ሳያስረው የቀረ ባለቤት ግን ከበሬው ጋር በደለኛ ይሆናል። ሁለቱን ፍርድ የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ለባለቤቱ መነገሩና አለመነገሩ ነው።

በዘመናችን ወደየቤታችን የሚገባው በሬ ሌላ ነው። የስልክ ቻርጀር፥ የላፕቶፕ አዳፕተር፥ ዲቫይደር፥ ፓወር ባንክ፥ የኤሌክትሪክ ምጣድ፥ በባትሪ የሚሠራ የልጆች መጫወቻ፥ ይህ ሁሉ በየገበያው ይሸጣል። ከነዚህ የሚበዙት ገራሞች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ተዋጊዎች ሆነው ይገኛሉ። ተዋጊነታቸው በታወቀ ጊዜ ዕቃውን የሠራው ኩባንያ ወይም የሀገሩ መንግሥት፥ ሕዝቡ በዚያ ዕቃ እንዳይገለገል፥ የገዛውም መልሶ ሌላ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋውን እንዲቀበል ያውጃል። ይህ ሥራ ዕቃን ከገበያ መመለስ ይባላል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ አንድ ነው። ዕቃው የሚሄድበትን መንገድ ሁሉ አዋጁ አይሄደውም፤ ስለዚህ አዋጁን እስከ መጨረሻው ቤት ማድረስ የመምህራንና የሽማግሌዎች ሥራ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

1ኛ፤ ዕቃው የሚሄድበት መንገድ

በአዲስ አበባ ሰሜን፥ በጉለሌ፥ አዲሱ ገበያ የሚባል ሰፈር አለ። የጎጃም መንገድ በዚያ አልፎ ወደ ሱሉልታ፥ ወደ ጫንጮ፥ ወደ ፍቼና ወደ ጎሐ ጽዮን ይዘልቃል፤ ከዚያም የዓባይን በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን ይወጣል። እንበልና አንድ የገጠር ሰው በከተማ ጉዳዩን ፈጽሞ ሊመለስ ሲል በአዲሱ ገበያ ለልጁ አንድ ቻርጀር ይገዛል። ሻጩ የገዢውን ስም አይጠይቅም፤ ገዢውም ደረሰኝ አይቀበልም። በማግሥቱ ቻርጀሩ ከዓባይ ማዶ በአንድ ጭቃ ቤት ሶኬት ላይ ተሰክቶ ይውላል። ከወር በኋላ ያ ዕቃ አደገኛ ነው ተብሎ ቢታወጅ ለዚያ ሰው ማን ይነግረዋል? ሻጩ ገዢውን አያውቀውም፤ አስመጪው ሻጩን አያስታውሰውም፤ ሠሪው ፋብሪካ ደግሞ በባሕር ማዶ ነው። በሬው ደርሷል፤ ነጋሪው ግን በመንገድ ቀርቷል።

2ኛ፤ ቻርጀር ምን ይሠራል?

በሀገራችን ወደ ቤት የሚገባው የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት ነው፤ ይህም ሰውን ለመግደል ይበቃል። ስልክ በተለመደው አሠራር የሚሻው ግን 5 ቮልት ያህል ብቻ ነው። ቻርጀር ማለት እንግዲህ በብርቱውና በደካማው መካከል የቆመ በረኛ ነው። በውስጡ የማይነካኩ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ፤ ኃይሉ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው በመግነጢስ ነው እንጂ በሽቦ አይደለም። በሁለቱም ወገን መካከል ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መለያና የጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍት ቦታ አለ። የሰው ሕይወት የሚጠበቀው በዚህች ጠባብ ቦታ ነው።

ትርፍን ብቻ የሚሻ ሠሪ ይህችን ቦታ ያጠብባታል፤ መለያውን ያሳሳዋል፤ ትርፍ ኃይል ሲመጣ ተቃጥሎ መንገዱን የሚዘጋውን ቫልቮላም ይተወዋል። ከውጭ ሲያዩት ቻርጀሩ ከደኅነኛው አይለይም፤ ስልኩንም ይሞላል። ነገር ግን እርጥበት ሲገባው፥ ሙቀት ሲበዛበት፥ ወይም መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኃይሉ ከመጠን አልፎ ሲመጣ መለያው ይበሳል። ያን ጊዜ 220ው ቮልት በገመዱ አልፎ ስልኩን እስከ ያዘው እጅ ድረስ ይደርሳል።

ሁለተኛው አደጋ የባትሪ ነው። በስልክና በፓወር ባንክ ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ ብዙ ኃይል በጥቂት ቦታ የታመቀበት ነው። ሁለቱን ወገኖች የሚለያቸው እንደ ስስ ወረቀት ያለ ሽፋን ነው፤ እርሱ ከተቀደደ ባትሪው ራሱን በራሱ ያግላል፤ አብጦም ይነዳል።

3ኛ፤ ታላላቆችም ይሳሳታሉ

ይህ ጥፋት የስመ ጥር ባልሆኑ ሠሪዎች ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው፤ እንዲህ ግን አይደለም። አፕል የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በጥር 19 ቀን 2008 ዓ.ም. ሁለት እግር ያላቸውን የአዳፕተር ስፒናዎች ከገበያ መልሷል፤ ከነዚህም አንዱ ለአውሮፓ የተሠራው ነበረ። ስፒናዎቹ መሸጥ ከጀመሩ 12 ዓመት ያህል ሆኗቸው ነበር። ምክንያቱ ስፒናው ሊሰበርና የነካውን ሰው ኤሌክትሪክ ሊይዘው መቻሉ ነው፤ በመላው ዓለም የታወቁት አደጋዎች 12 ነበሩ። ኩባንያው 12 ጊዜ ስለ ደረሰ ነገር እጅግ ብዙ ዕቃ መመለሱን ልብ እንበል። የአውሮፓው ስፒና በሀገራችን ሶኬት የሚገባ ነውና፥ በውጭ ሀገር ያሉ ዘመዶች ከሚልኩት ዕቃ ጋር ወደ እኛም ሊመጣ ይችላል። መለያው ከዋናው አዳፕተር ጋር በሚገጥምበት ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ነው፤ በዚያ አራት ወይም አምስት ፊደል ወይም ቁጥር ያለበት፥ ወይም ምንም ያልተጻፈበት ከተመለሱት ወገን ነው፤ ሦስት ፊደል ብቻ ያለበት ግን የታደሰው ነው።

ሳምሰንግ የሚባለው የኮሪያ ኩባንያም በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ጋላክሲ ኖት 7 የተባለውን ስልክ 2.5 ሚሊዮን ያህል እንዲመለስ አወጀ፤ ባትሪው ይነድ ነበርና። ከሌላ ሠሪ የመጣ ባትሪ ያላቸው ስልኮች በምትኩ ተሰጡ፤ እነርሱም ነደዱ። በጥቅምት 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ስልኩን መሥራት ፈጽሞ ተወ። ከዚህ የምንማረው የተለወጠ ዕቃ ሁሉ ተፈውሶ የተመለሰ አለመሆኑን ነው።

የራሳችንም ሀገር ምሳሌ አላት። ድሪምላይነር የሚባለው የቦይንግ 787 አውሮፕላን በባትሪው ምክንያት በጥር 2005 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ ከመብረር ተከለከለ። ባትሪው በብረት ሣጥን ተከብቦ ከተሻሻለ በኋላ፥ ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በመብረር መንገደኛ ማጓጓዙን ከሁሉ አስቀድሞ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 5 ቀን ንግሥተ ሳባ የተባለችው የአየር መንገዳችን 787 በሎንዶን ሂትሮው ቆማ ሳለች እሳት ተነሣባት፤ በውስጧ ሰው ስላልነበረ የተጎዳ የለም። የእንግሊዝ መርማሪዎች እሳቱ የተነሣው አውሮፕላን ሲወድቅ ያለበትን ቦታ ከሚያመለክት አንድ ትንሽ መሣሪያ መሆኑን አገኙ፤ የባትሪው ሽቦዎች በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር። አደጋው በደረሰ በ6ኛው ቀን መርማሪዎቹ ያ መሣሪያ በ787 አውሮፕላኖች ሁሉ እንዳይሠራ እንዲደረግ አሳሰቡ።

የመሣሪያው ባትሪና የስልካችን ባትሪ ዘመዳሞች ናቸው። ታዲያ የአውሮፕላኑ ማስጠንቀቂያ በ6 ቀን ሲወጣና ወደ ባለቤቱ ሲደርስ፥ የቻርጀሩ ስለ ምን በዓመትም አይደርስም? እያንዳንዱ አውሮፕላን በቁጥር የታወቀ፥ ባለቤቱም በመዝገብ የተጻፈ ስለ ሆነ ነው። ከአዲሱ ገበያ የተገዛው ቻርጀር ግን መዝገብ የለውም።

4ኛ፤ ሕጋችን ምን ይላል?

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ለሰው ጤናና ደኅንነት አደገኛ የሆነ፥ ምንጩ ያልታወቀ ወይም ከደረጃ በታች የሆነ ዕቃ መሸጥን ከልክሏል። ሻጭ ደረሰኝ እንዲሰጥም አዝዟል። ዕቃው ጉድለት የተገኘበት ገዢ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት ለመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ስለዚህ ደረሰኝ ተራ ወረቀት አይደለም፤ የገዢው ምስክር ነው።

ሆኖም ነጋዴውን በጥላቻ ማየት አይገባም። በጥቂት ገንዘብ የሚነግድ ሰው ዕቃው ተዋጊ መሆኑን ሳያውቅ ሊሸጥ ይችላል፤ እርሱም ከጅምላ ሻጩ ተታሎ ይሆናል። የሽማግሌዎች ፋንታ በዚህ ላይ ነው፤ አስቀድመው በትሕትና ይንገሩት። ከተነገረው በኋላ ያንኑ ዕቃ መደርደሪያው ላይ ከመለሰ ግን፥ ተዋጊነቱን ሰምቶ በሬውን እንደ ለቀቀ ሰው ነው፤ ነገሩን ለወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይገባል።

5ኛ፤ መምህሩና ሽማግሌው የሚያደርጉት

ሀ፤ መዝገብ ይኑር። በትምህርት ቤቱ አንድ ደብተር ተመድቦ፥ ተማሪዎች በቤታቸው ያለውን የቻርጀርና የአዳፕተር የሠሪ ስም፥ የሞዴል ቁጥርና የተገዛበትን ቦታ ይጻፉበት። የመመለስ አዋጅ በተሰማ ጊዜ መምህሩ ደብተሩን ገልጦ የማን ቤት እንደ ሆነ ያውቃል። የሠሪው ስምም ቁጥርም የሌለበት ዕቃ አዋጅ ቢወጣበት እንኳ ለይቶ ማወቅ አይቻልምና አለመግዛቱ ይሻላል።

ለ፤ ምልክቱን ያስተምሩ። ሲሰካ እጅ የሚያቃጥል፥ የሚጮህ፥ የሚሸት፥ የጠቆረ ወይም እግሩ የሚነቃነቅ ቻርጀር፥ ያበጠም ባትሪ፥ አዋጅ ሳይጠበቅለት ከአገልግሎት ይውጣ።

ሐ፤ ስልክ በአልጋ ላይ፥ በትራስ ሥር ወይም በሣር አጠገብ አይሞላ፤ በድንጋይ ወይም በሸክላ ላይ ይሁን። ልጅም ስልኩ ተሰክቶ ሳለ በእጁ ይዞ አይጫወት።

መ፤ እሳት ቢነሣ አስቀድሞ ብሬከሩን ማውረድ ነው፤ ኃይሉ ሳይቋረጥ ውኃ አይፈሰስ። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅ መንካት ሌላ ሰው መጨመር ነው፤ ኃይሉን ማቋረጥ፥ ይህ ባይሆን በደረቅ እንጨት ማላቀቅ ይገባል።

ሠ፤ በመጫወቻ ውስጥ ያለችውን እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ ሕፃን ቢውጣት በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ልታቃጥል ትችላለች፤ እስኪነጋ ሳይባል ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ረ፤ የተመለሰ ወይም የተበላሸ ዕቃ ለቁራሌው አይሸጥ፤ ለጎረቤትም አይሰጥ። ተጠግኖ ወደ ገበያ ይመለሳልና ከራስ ያራቁትን አደጋ ለሌላው ማውረስ ይሆናል። ልንመልሰው ያሰብነውን ከደረሰኙ ጋር ለብቻው እናስቀምጥ፤ የማይመለሰውን ቻርጀር ከሶኬት ነቅለን ገመዱን እንቁረጥ። ባትሪ ግን አይቆረጥ፥ አይበሳ፥ ወደ እሳትም አይጣል።

6ኛ፤ መደምደሚያ

ጥንት ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲነገር፥ የሰማ ላልሰማ ያሰማ ይባል ነበር። የአዋጅ ነጋሪው ድምፅ ከገበያው አደባባይ አልፎ እንደማይደርስ አባቶቻችን ስለሚያውቁ፥ የቀረውን ሸክም በሰሚው ላይ አኖሩት። የዛሬውም አዋጅ እንዲሁ ነው። በባሕር ማዶ ታውጆ አዲስ አበባ የደረሰው ወሬ ከአዲሱ ገበያ ወዲያ በራሱ አይሄድም። መምህሩ በተማሪዎች ሰልፍ፥ ሽማግሌው በዕድርና ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ቢናገሩት ግን በአንድ ሳምንት መንደሩን ሁሉ ያዳርሳል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ነገሩ ቀላል የሚሆነው አስቀድሞ ሲነገር ነው። በሬው ተዋጊ መሆኑን የሰማን ሰዎች ዝም ብንል፥ ነገ ለሚደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ብቻውን አይጠየቅበትም።