ጢም፣ ስእለትና ሐዘን፦ ከጨርቆስ እስከ ካዛንቺስ

ጨርቆስ ሰፈር ስሙን የወሰደው ጢም ካላበቀለ ቅዱስ ነው። ቅዱስ ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ለሰማዕትነት ሲቀርብ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። ሐምሌ 19 ቀን በየዓመቱ የሚከበረው በዓልም መልአኩ ገብርኤል እናትና ልጁን ከሚፈላው ውኃ ያወጣበት መታሰቢያ ነው። ከሕፃኑ ሥዕል ዓይኑን ወደ አገልጋዮቹ የመለሰ ምእመን ግን ሌላ ዓይነት ፊት ያያል። በየቤተ ክርስቲያኑ ከዲያቆናቱ ብዙዎቹ ገና ለጋ ልጆች ናቸው። ቀሳውስቱ ደግሞ ራሳቸውን በነጭ ሻሽ የጠመጠሙ፣ ጢማቸውን ያሳደጉ ጎልማሶችና አረጋውያን ናቸው። ዲያቆኑ አድጎ፣ ትዳር ይዞ ቅስና ሲቀበል ምላጩን ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ በመንገድ ላይ ያለ ቆብና ያለ መስቀል ቢገኝ እንኳ የሚያውቀው ሰው አያጣም፤ አላፊ አግዳሚው ጎንበስ ብሎ “አባ ይፍቱኝ” ይለዋል።

ይህ ዝም ብሎ የመጣ ልማድ አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 የጢምን ዳር መቁረጥን ይከለክላል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከሥርዓት መጻሕፍት አንዱ የሆነው ዲድስቅልያም ወንድ ጢሙን እንዳያጠፋ፣ ፈጣሪ የሰጠውን መልክ እንዳይለውጥ ያዛል። ጢም በዚህ አስተሳሰብ የግል ንብረት አይደለም፤ በአደራ የተያዘ ነገር ነው።

ሠዓሊዎቹም ይህንኑ በቀለም አጽንተውታል። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንደሚታየው፣ ሥላሴ በሀገራችን ሥዕል ሦስት ነጭ ጢም ያላቸው፣ መልካቸው ፍጹም አንድ የሆነ አረጋውያን ሆነው ይሣላሉ። መነሻው ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 7 ነው። ነቢዩ በዙፋን ላይ ያየው፣ ዘመናት ያስቈጠረው ንጉሥ የራሱ ጸጉር እንደ ነጭ ሱፍ ነበር። ከቅዱሳን ሁሉ በጢም የሚበልጥ ግን የለም ከተባለ እርሳቸው የዝቋላው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው፤ ሕዝቡ በፍቅር “አቦ” የሚላቸው። ልብስ አልለበሱም፤ መላ አካላቸውን የሸፈነው ጸጉርና እስከ ታች የወረደው ጢም ልብሳቸው ነው። በግራና በቀኝ ስድሳ አንበሶችና ስድሳ ነብሮች ይከተሏቸዋል። ሳሪስ አቦን የሚሳለም የከተማ ሰው ይህን ሥዕል ሺህ ጊዜ አይቶታል። ዓለምን ፈጽሞ የተወ ሰው ምን እንደሚመስል ለመጠየቅም አያስፈልገውም።

በሌላው የዓለም ጫፍ፣ ጥንታዊቷ ቻይና ከተመሳሳይ ሐሳብ ላይ በሌላ መንገድ ደርሳለች። ከኮንፊሽየስ ትምህርት ጋር የተያያዘው የልጅነት ግዴታ መጽሐፍ ሰውነት፣ ጸጉርና ቆዳ ከወላጅ የተገኙ ናቸውና አለማጉደላቸው ወላጅን የማክበር መጀመሪያ እንደሆነ ያስተምራል። ለኢትዮጵያዊው መነኩሴ የጢሙ አደራ ሰጪ ፈጣሪ ነው፤ ለቻይናዊው ደግሞ አባትና እናቱ ናቸው። በሁለቱም ዘንድ ምላጭ ማንሳት ከራስ ፈቃድ በላይ የሆነ ነገር ነው።

ቻይናውያን ጉዳዩን እስከ ፍርድ ቤት ወስደውታል። በ1975 እ.ኤ.አ. በሁቤይ ክፍለ ሀገር፣ ሽዌይሁዲ በተባለ ቦታ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የኖረ አንድ የቺን መንግሥት ሹም መቃብር ተቆፈረ። ከአጽሙ ጋር በቀርከሃ ላይ የተጻፉ ሕጎች ተገኙ። ከእነዚህ አንዱ እንዲህ ያለ ጥያቄ ያነሣል፦ ሰው ከሰው ሲጣላ ባላጋራውን አስሮ ጢሙንና ቅንድቡን ሙልጭ አድርጎ ቢነቅል ቅጣቱ ምንድን ነው? መልሱ የከተማ ቅጥር የማነጽ የግዳጅ ሥራ ነው። መንግሥት ራሱም ወንጀለኛን ሲቀጣ ጢሙን ይላጨው ነበር። አካል ሳይጎድል፣ ደም ሳይፈስ፣ ሰውየው በአደባባይ ከሰው ተራ ይወጣል።

ክብሩም የዚያኑ ያህል ነበር። በ3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጠላት ተማርኮ የተገደለው ጉዋን ዩ የተባለ ጀግና በረጅም ጢሙ ይሞገስ ነበር፤ በኋላ ዘመን እንደ አምላክ ተቆጥሮ ቤተ መቅደስ ሲታነጽለትም ጢሙ ከሐውልቱ አልተለየም። በ7ኛው መቶ ዓመት የነገሠው አፄ ታይዞንግ ደግሞ የጦር አዛዡ ሊ ሺጂ ሲታመምና መድኃኒቱ የጢም ዐመድ ነው ሲባል የራሱን ጢም ቆርጦ እንደሰጠ የታንግ ሥርወ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። አዛዡ ግንባሩ እስኪደማ ድረስ ከመሬት እየሰገደ አመሰገነ። ንጉሥ ወርቅና ጉልት መስጠቱ የተለመደ ነው። ወላጆቹ የሰጡትን አካሉን ግን ለአገልጋዩ የቆረጠ ንጉሥ ሲገኝ ታሪክ ዝም ሊል አይችልም።

ጢምና ጸጉር ክብር ከሆኑ፣ በጉልበት መንጠቃቸው የድል ማኅተም ይሆናል። ይህን ኢትዮጵያ በመራራ መንገድ ታውቀዋለች። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ወታደሮች ከተሠራው ጸጉራቸው ቆርጠው ወሰዱ። ያ ጸጉር ለንደን በሚገኘው የብሔራዊ ጦር ሙዚየም ቆይቶ ወደ ሀገሩ የተመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው፤ ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ። የሙዚየም ዕቃ ተመለሰ ብሎ መናገር ያንሰዋል፤ የተመለሰው የአንድ ንጉሥ አካል ነው።

በጃማይካ ደግሞ የአፄ ኃይለ ሥላሴን ንግሥ እንደ ትንቢት ፍጻሜ የተቀበሉት ራስ ተፈሪያውያን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሌላው ሕዝብ የሚለዩት በጢማቸው ነበር፤ ሰውም “ባለ ጢሞቹ” ይላቸው ነበር። በ1963 እ.ኤ.አ. ከኮራል ጋርደንስ ግጭት በኋላ ፖሊስ ብዙዎቹን እያሰረ በጉልበት ላጫቸው። የሀገሪቱ መንግሥት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። የቺን ዳኞች ይህን ቅጣት ቢያዩት ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባቸው ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥቱ ሠራተኞች ቤት ከሚሠራው ድርጅቱ ነው። ለጸሐፊዎቹና ለሹማምንቱ ግቢና በረንዳ ያላቸው ቤቶች ሲታነጹ፣ አርበኞች በሸዋና በሌላውም ሀገር ጫካ ውስጥ ጸጉርና ጢማቸውን አጎፈሩ። ዱር ላለ ሰው ምላጭ ከየት ይመጣል የሚል ይኖር ይሆናል፤ እውነት አለው። ነገር ግን ችግሩ የጀመረውን ፈቃድ ጨረሰው። ያልተላጨው ፊት “ሀገሬ በጠላት እጅ ሳለች እኔ እንደ ሰላም ሰው አልኖርም” የሚል የአደባባይ መሐላ ሆነ። የሸዋው አርበኛ ራስ አበበ አረጋይ በ1933 ዓ.ም. የተነሡት ፎቶግራፍ ለዚህ ምስክር ነው፤ ጎፈሬያቸውና ጢማቸው አምስቱን ዓመት ሳይናገሩ ይናገራሉ። ዛሬም ሚያዝያ 27 ቀን በአራት ኪሎ የድል ሐውልት ሥር የሚሰበሰቡት አርበኞችና ልጆቻቸው ያንን መልክ ለማስታወስ የአንበሳ ጎፈር ይደፋሉ።

በዚያው ዘመን በቻይና አንድ ተዋናይ ያደረገው ነገር ከዚህ ጋር ዘመድ ነው። ሜይ ላንፋንግ በመድረክ ላይ የሴት ገጸ ባሕርይ እየተጫወተ በዓለም የታወቀ ሰው ነበር። ጃፓኖች በ1941 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሆንግ ኮንግን ሲይዙ ለእነርሱ እንዳይጫወት ብሎ ጢም አሳደገ። ባለ ጢም ሰው ልዕልት ሆኖ መድረክ ላይ መውጣት አይችልምና እንጀራውን በገዛ ፊቱ ዘጋ። የተላጨው በ1945 እ.ኤ.አ. ጃፓን እጇን ስትሰጥ ነው።

የጢም ፖለቲካ እንደገና ጨርቆስና ካዛንቺስ ወደሚገኙበት ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የመጣው ከነፃነት በኋላ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ የአባታቸውን የልዑል ራስ መኰንንን ጢም የወረሱ ይመስሉ ነበር፤ እንደ ራስ ካሣ ኃይሉ ያሉ የቀድሞው ዘመን መኳንንትም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተላጩም። በ1936 ዓ.ም. በተቀረጹት ሳንቲሞች ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ያለ ዘውድ፣ ጢማቸው ጎልቶ ይታያሉ፤ ገበያ የወጣ ሁሉ ያንን ጢም በኪሱ ይዞ ይመለስ ነበር። በውጭ ሀገር ተምረው የመጡት ወጣት ሹማምንት ግን ፊታቸውን ተላጭተው፣ ክራቫት አስረው ቢሮ ገቡ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአፍሪካ አዳራሽ ሲመሠረት የተነሡት ፎቶግራፎችም ይህን ያሳያሉ። ከእንግዶቹ መሪዎች አብዛኞቹ የተላጩ ወይም በቀጭን ሪዝ የቀሩ ሲሆኑ፣ ባለ ጢሙ አስተናጋጁ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ቤይጂንግ ሄደው ማኦ ዜዱንግን ሲያገኙም እንደዚሁ ነበር። የጉዋን ዩ ሀገር መሪ የተላጨ ነው፤ በክፍሉ ውስጥ ጢም ያላቸው የኢትዮጵያው እንግዳ ናቸው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከካዛንቺስ ጥግ ከሚገኘው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተወሰዱ። አዲሶቹ ገዢዎች ወታደሮች ስለነበሩ መላጨት የሥነ ሥርዓታቸው አካል ነበር። በ1969 ዓ.ም. የወጡት ሳንቲሞችም የሰው ፊት የላቸውም፤ በንጉሡ ቦታ ጎፈሩ የተንዠረገገ የአንበሳ ራስ ገባ። ይሁን እንጂ ጢም ከአደባባዩ አልጠፋም፤ ባለቤቱን ብቻ ለወጠ። በአብዮት አደባባይ፣ ዛሬ መስቀል አደባባይ በምንለው ሜዳ፣ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ግዙፍ ሥዕሎች ተሰቀሉ። ያ ትውልድ ሥላሴን እንደ ሦስት ባለ ጢም አረጋውያን እያየ ያደገ ነው። ሦስት ባለ ጢም ፊቶች ጎን ለጎን ተሰቅለው ሲያይ ምን እንደተሰማው ከምእመናኑ መካከል ያላሰበበት ይኖራል ብሎ ማመን ያስቸግራል። በአፍሪካ አዳራሽ አቅራቢያም የሌኒን ሐውልት ቆመ፤ እስከ ግንቦት 15 ቀን 1983 ዓ.ም. ድረስ።

በመስከረም 1971 ዓ.ም. የአብዮቱ አራተኛ ዓመት ሲከበር በዚያው አደባባይ የተገኘው የክብር እንግዳ የዓለም ታዋቂ ባለ ጢም ነበር፦ ፊደል ካስትሮ። የኩባ ሸማቂዎች ጢም ታሪክ ለአርበኛ ልጅ እንግዳ አይሆንበትም። በሴራ ማኤስትራ ተራሮች ምላጭ ስለታጣ በቀለ፤ ቆይቶ የትግሉ መለያ ሆነ። ካስትሮ በ1959 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲጠየቅ ለሕዝቡ መልካም አስተዳደር የመስጠት ቃሉን ሲፈጽም እንደሚላጭ ተናግሮ ነበር። ጢሙን ይዞ ሞተ።

የዛሬው ጢም ከዚህ ሁሉ የቀለለ ይመስላል። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በልማት ሲነሣ የሰፈሩ ጸጉር ቤቶች ከነደንበኞቻቸው ወደየአቅጣጫው ሄዱ፤ ሥራው ግን በሄዱበት ሁሉ ደርቷል። ወጣቱ ጢሙን በቶንዶስ አሳጥሮ፣ ዳር ዳሩን በምላጭ አስይዞ ይወጣል። ለሙስሊሙ ወጣት ደግሞ ጢም የነቢዩን ሱና መከተል ነው፤ በሐረርና በምሥራቁ ሀገር አረጋውያኑ ሽበታቸውን በሂና አቅልመው ሲታዩ ግርማቸው ይጨምራል። አብዛኛው ግን ለማማር ነው የሚያሳድገው፤ ለማማር ማሳደግም ምንም ነውር የለበትም።

ሆኖም የጥንቱ ትርጉም ሳይደበዝዝ የቀረበት አንድ ቦታ አለ፤ ሐዘን ቤት። በቀድሞው ልማድ ሐዘንተኛ ጸጉሩን ይላጭ ነበር። በአዲስ አበባ ያለ ወንድ ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ምላጭ ፊቱን አይነካም። ሴቷ በጥቁር ልብሷ የምትናገረውን እርሱ ባልተላጨ ፊቱ ይናገራል። ድንኳኑ ተነሥቶ፣ ዕድርተኛው ወንበሩን መልሶ፣ ሰውየው ሥራ ከገባ በኋላም ምልክቱ አብሮት ይውላል። ፊቱን ተላጭቶ መምጣት ግዴታ በሆነበት መሥሪያ ቤት እንኳ አለቃው ያንን ጢም ሲያይ ደንብ አያነሣም፤ “እግዚአብሔር ያጽናህ” ብሎ ያልፋል። ለማያውቀው ሰው መንገር ሳያስፈልገው ታክሲ ውስጥ ቦታ ይለቀቅለታል፤ ከእርሱ ጋር ቀልድ የሚጀምርም የለም።

አርባው ሲወጣ ዘመዶችና የዕድር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይመጣሉ። “ይብቃህ ልጄ፣ ለቀሩትም አስብ” ይሉታል፤ አንዱ ዘመድ ወይም ጓደኛ ይዞት ጸጉር ቤት ይሄዳል። ብቻውን ሄዶ መላጨት ይከብደዋል፤ ሟቹን ቶሎ የረሳ እንዳይመስል ይፈራል። እናቱን የቀበረ ልጅ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ እምቢ ብሎ እስከ ሰማንያው፣ ሲብስም እስከ ሙት ዓመቱ ያቆየዋል። ሽማግሌዎቹም ሁለተኛ ዙር ልመና ይይዛሉ።