መነኮሳቱ ወጡ፣ ትምህርት ቤቱ ቀረ

ስትራተን ኦን ዘ ፎስ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ሱመርሴት በሚባለው አውራጃ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ከሩቅ የሚታየው 50 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የቤተ ክርስቲያን ማማ ነው። ከሥሩ ዳውንሳይድ የሚባል የካቶሊክ ትምህርት ቤት አለ። ከ11 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች ይማሩበታል። አንዳንዶቹ አዳሪ ናቸው፣ ሌሎቹ ደግሞ ጠዋት መጥተው ማታ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ተመላላሾች። ከ200 ዓመት በላይ ትምህርት ቤቱና የቅዱስ ቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም በአንድ ግቢ አብረው ኖረዋል። በ2022 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ግን መነኮሳቱ ዕቃቸውን ሸክፈው ወጡ። ልጆቹ እዚያው ቀሩ።

ለብዙ አንባቢዎቻችን የአዳሪ ትምህርት ቤትን ነገር ማብራራት አያስፈልግም። በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል ከመጡት ወጣቶች አብዛኞቹ በአሊያት ሃኖዓር አማካይነት ፕኒሚያ ነው የገቡት። ልጅን አደራ ብሎ ለሌላ ሰው መስጠት ምን እንደሆነ እናውቃለን። የዳውንሳይድ ታሪክም የአደራ ታሪክ ነው።

አጀማመሩ የስደት ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዝ የካቶሊክ ቄስ ሆኖ መገኘት የሞት ቅጣት የሚያስከትል ወንጀል ነበር። እንግሊዛውያን መነኮሳት ባሕር ተሻግረው በ1606 ዛሬ ሰሜን ፈረንሳይ በሆነችው ዱዌ ከተማ ገዳም መሠረቱ። በእምነታቸው የጸኑ ቤተሰቦችም ልጆቻቸውን በድብቅ ወደዚያ ይልኩ ነበር። ከዚያ ደግሞ የፈረንሳይ አብዮት መጣና መነኮሳቱን አባረራቸው። ሸሽተው የተመለሱት ወደዚያችው ወዳሳደደቻቸው አገራቸው ነው፣ ሕጉ እየላላ ስለነበር። በ1814 ዳውንሳይድ ሰፈሩ። በቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ በ1681 ለንደን ላይ በስቅላት የተገደለው የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ የኦሊቨር ፕላንኬት አጽም አለ። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ማኅበር ምሥጢር መጠበቅን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የሚጠባው።

የመነኮሳት ትምህርት ቤት ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ። በሌላ ቦታ መምህሩ አንድ ሰው፣ የመኝታ ክፍሉ ኃላፊ ሌላ ሰው፣ አለቃቸው ደግሞ ሦስተኛ ሰው ነው። እዚህ ግን ጠዋት ጂኦግራፊ የሚያስተምረው፣ ማታ መብራት የሚያጠፋው፣ እሑድ ቅዳሴ የሚቀድሰው ያው መነኩሴ ሊሆን ይችላል። ደመወዝ አይበላም፣ ወደ ሚስትና ልጆቹ አይሄድም። ወላጆችን የሚስበውም ይኸው ነበር፦ ሌት ተቀን ከልጆቻችን ጋር ያለ አባት። ግን ልጁ በዚያው አባት ላይ ስሞታ ቢኖረው ለማን ይናገራል? ለሌላ መነኩሴ። እሱስ ለማን ይነግራል? ለአበምኔቱ። አበምኔቱ ደግሞ የልጁም የመነኩሴውም አባት ነው። ተመላላሽ ቢሆን ማታ ቤቱ ይገባል፣ ፊቱ ከጠቆረ እናቱ ታያለች። ያኔ ግን አብዛኞቹ አዳሪዎች ነበሩ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አንድ መምህር መነኩሴ በተማሪ ላይ ወሲባዊ ጥቃት መፈጸሙ በገዳሙ ታወቀ። ፖሊስ አልተጠራም። ታናናሾቹን እንዳያስተምር ተከለከለ እንጂ ከግቢው አልወጣም፤ ከዚያ ሌላ ልጅ ተጎዳ። በኋላ ወደ ሌላ ገዳም ተላከ። ፍርድ ቤት የ5 ዓመት እስራት የፈረደበት በ2012 ነው። የመጀመሪያው ልጅ በዚያን ጊዜ ትልቅ ሰው ሆኗል።

የእንግሊዝና የዌልስ አጣሪ ኮሚሽን፣ በፕሮፌሰር አሌክሲስ ጄይ ሰብሳቢነት፣ ዳውንሳይድንና በሰሜን እንግሊዝ ያለውን አምፕልፎርዝ የተባለ ሌላ የቤኔዲክት መነኮሳት ትምህርት ቤት መርምሮ በነሐሴ 2018 ሪፖርቱን አወጣ። ከሁለቱ ቦታዎች ጋር የተያያዙ 10 ሰዎች፣ አብዛኞቹ መነኮሳት፣ በልጆች ላይ በሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ወይም ከዚያ ጋር በተያያዘ ምስል ተፈርዶባቸዋል ወይም የፖሊስ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል። እውነተኛው ቁጥር ከዚህ በጣም ሊበልጥ እንደሚችል ኮሚሽኑ ተናግሯል። በ2001 ሎርድ ኖላን ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ያቀረቡት ምክር፣ እንዲህ ያለ ስሞታ በቀጥታ ለመንግሥት አካል ይሰጥ የሚለው፣ በገዳማቱ በኩል ለዓመታት ችላ ተብሏል። ከልጆቹ ይልቅ የመነኮሳቱና የራሳቸው ስም ቀድሞ ነበር ነው የሪፖርቱ ፍርድ።

ከሪፖርቱ ሁሉ ከአእምሮዬ ያልወጣው አንድ ነገር ነው። በ2012 የዳውንሳይድ ርእሰ መምህር የነበሩት መነኩሴ የቆዩ የሠራተኞች ፋይሎችን በካሪዮላ፣ ባለአንድ ጎማ የእጅ ጋሪ፣ እየጫኑ ወደ ግቢው ዳር ወስደው አቃጥለዋል። በአንድ ጉዞ አላለቀም፣ ተመላልሰዋል። በእነዚያ ወረቀቶች ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር ዛሬ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። በስደት ዘመን የተሰደደ ማኅበር ገመናውን ለፖሊስ ማውጣት ቢከብደው አይገርምም የሚል ይኖራል። ይሁን፤ ግን በ2012 እነሱን የሚያሳድድ ማንም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነው የፍቺ ሥራ ነው። በ2014 ለመጀመሪያ ጊዜ መነኩሴ ያልሆነ ርእሰ መምህር ተሾመ። በ2019 ትምህርት ቤቱ በሕግ ከገዳሙ ተለይቶ የራሱ ቦርድ ያለው ድርጅት ሆነ። በ2020 መነኮሳቱ ድምፅ ሰጥተው ሌላ መኖሪያ ለመፈለግ ወሰኑ። ስምንት ነበሩ የቀሩት። ለስምንት ሰው ያ ሁሉ ሕንፃ፣ ያ ሁሉ ቤተ መጻሕፍት! ወጣት መነኩሴ እንደ ድሮው አይመጣም፣ ስለዚህ ቅሌቱ ባይኖርም ከባድ ነበር። በ2022 በዴቨን አውራጃ ወደሚገኘው ወደ በክፋስት ገዳም በእንግድነት ተጓዙ።

ትምህርት ቤቱ ዛሬም የካቶሊክ ነው፣ የቅዱስ ቤኔዲክትንም ስም አልጣለም። የቀድሞ ተማሪዎች መካከል መነኮሳቱን እንደ አባት የሚወዱ አሉ፣ ያንን ግቢ ዳግመኛ ማየት የማይፈልጉም አሉ። ሁለቱም በአንድ የምግብ አዳራሽ የበሉ ናቸው። ማታ የመኝታ ክፍሎቹን በር የሚዘጉት ግን አሁን ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ አለቃቸው ሌላ ሰው የሆነ ሠራተኞች ናቸው።