ያረጀች አህያ ወዴት ትሂድ?

ቤተ ልሔም ሲባል አንባቢ ወዲያው የሚያስበው የድጓ ማስመስከሪያነቱን ነው፤ ማሰቡም ትክክል ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው የዚያኑ አገር ገበሬ እህል ተሸክማ ገበያ ስለምታደርሰው አህያ፣ ይልቁንም ስላረጀችው ነው።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የበሬ እርጅና መላ አለው። ቀንበር ሲከብደው፣ ጥርሱ ፈጽሞ ሳያልቅ ከእርሻ ይወጣል፤ ደልቦ ለበዓል ይሸጥና በዋጋው ወይፈን ይገዛበታል። ልጆች ያለቅሳሉ፤ ነገሩ ግን መጨረሻ አለው። የአህያና የበቅሎ ሥጋ በእኛ ዘንድ አይበላምና መሸከም ያቃታት አህያ ዕጣዋ ሜዳ ላይ መለቀቅ ነው። ሌሊቱ የጅብ ነው። የሞተች አህያ ጅብ አትፈራም ይባላል፤ እኛን ያሳሰበችን ገና ሳትሞት የምትፈራው ናት።

በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ቢከፈት ሕዝቡ ተቆጥቶ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ለቆዳ ተብሎ አህያ እንዳይታረድ ወሰኑ። መልካም ነው። ቄራውን የጠላን ሰዎች ግን ስለ ሜዳውም ልናስብ በተገባን ነበር።

በመጀመሪያ፣ አረጀች የምትባለው ሁሉ አላረጀችም። አህያ በደኅና አያያዝ ከ30 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። የመንጋጋ ጥርሷ ለብዙ ዓመታት ከድዷ እየወጣ፣ ገለባ በመፍጨት እየተበላ ይሄዳል። አበላሉ እኩል ስላልሆነ ጠርዙ ሹል ይሆንና ጉንጯንና ምላሷን ያቆስላል። ያኔ ያላመጠችውን እየጠቀለለች ትተፋለች፤ ትከሳለች። ባለቤቷም እርጅና ነው ይላል፤ እርሷ ግን የተራበች ናት! የእንስሳት ሐኪም ጥርሷን በሞረድ ቢያስተካክለው ብዙ ጊዜ ትድናለች። እስከዚያው ገለባውን በውሃ ማራስ፣ ፉርሽካና ጨው መጨመር፣ ገጣባ ከሆነች ጭነት ማስቀረት ይጠቅማል።

ነገር ግን ሲያነሷት እንኳ መቆም ያቃታት፣ መብላትና መጠጣት የተወችስ? ሽማግሌዎቻችን ነፍስ ማጥፋት ኃጢአት ነው ይሉናል። ቃላቸውን እናከብራለን፤ ሆኖም ለጅብ መተውም ውሳኔ ነው፣ የሚለየው እጃችን አለመታየቱ ብቻ ነው። ሐኪም በደም ሥሯ በሚሰጣት መድኃኒት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሳትጨነቅ ትሞታለች። መድኃኒቱ በማይገኝበት ስፍራ የት እንደሚተኮስ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው በአንድ ጥይት ሊገላግላት ይችላል፤ በግምት መተኮስ ግን ከጅቡ አይሻልም።

አንድ ነገር እንዳይዘነጋ። በመድኃኒት የሞተችውን ሬሳ የበላ ጅብ፣ ውሻና ጥንብ አንሣ አብሮ ይሞታል። ስለዚህ በጥልቅ መቀበር አለባት። ክረምት ከሆነ አፈሩ ልል ነው። በበጋ ግን ያ ድንጋያማ መሬት ዶማ ይመልሳልና፣ ሐኪሙ ከመጠራቱ በፊት ጎረቤት ተለምኖ ጉድጓዱ ቢቆፈር ይሻላል።