መለኪያው ዜሮ ሲል፦ የጥቁር አሜሪካውያን የቤተሰብ ኮሜዲና የዘር ጉዳይ

ቮልት ሜትር ዜሮ ሲያሳይ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ መስመሩ ላይ ኃይል የለም፣ ወይ የመለኪያው ገመድ ተቆርጧል። ሁለተኛውን ሳያጣራ ሽቦውን የሚነካ ሰው ጉዱ ይፈላል። የጥቁር አሜሪካውያን የቤተሰብ ኮሜዲም እንዲህ ዓይነት ታሪክ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1975 የጀመረው «ዘ ጄፈርሰንስ» ስለ ዘር በግልጽ ያወራ ነበር። ሀብታም የሆነው ጥቁሩ ጆርጅ፣ ባልየው ነጭ ሚስትየዋ ጥቁር ከሆኑ ጎረቤቶቹ ጋር ሲነታረክ ተመልካች ይስቃል። በ1984 የመጣው «ዘ ኮስቢ ሾው» ግን ሌላ መንገድ ያዘ። አባት ሐኪም፣ እናት ጠበቃ፣ ልጆቹ አምስት፤ ዘረኝነት በቀጥታ እምብዛም አይነሳም። በዚያን ጊዜ ጥቁር ቤተሰብን እንዲህ ማሳየት ራሱ ትልቅ ለውጥ ነበር።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ሱት ጃሊ እና ጀስቲን ሉዊስ የተባሉ ተመራማሪዎች ተመልካቾችን አነጋግረው ውጤቱን በ1992 አሳተሙ። ብዙ ነጭ ተመልካቾች ቤተሰቡን ወደውታል። ግን ከፍቅራቸው የወሰዱት ትምህርት፣ እነዚህ ከተሳካላቸው ያልተሳካለት ጥቁር ጥፋቱ የራሱ ነው የሚል ነበር። መለኪያው ዜሮ አለ፤ መስመሩ ላይ ግን ኃይል ነበረ።

ሌሎች ገመዱን መልሰው ቀጠሉት። በ1990 በጀመረው «ዘ ፍሬሽ ፕሪንስ ኦፍ ቤል-ኤር» ዊልና ካርልተን የቤተሰብ ወዳጅ መኪና ሲነዱ ፖሊስ ያስራቸዋል። የሀብታም ልጅ መሆን አላዳናቸውም። በ2016 ደግሞ የ«ብላክ-ኢሽ» ቤተሰብ ሳሎን ተቀምጦ ስለ ፖሊስ ጥቃት ዜና ያያል፤ እናትና አባት ለልጆቹ ምን እንንገራቸው ብለው ይከራከራሉ። ቀልዱ አልቀረም፣ እውነቱም አልተደበቀም።

ይሄ ሁሉ ዲላ ላለነው ምናችን ነው? አማርኛ ለቆዳ ቀለምም ለብሔርም «ዘር» ይላል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለዋል። ሁለቱ ሕዝቦች ግን በጋብቻና በገበያ የተሳሰሩ ናቸው። አባት ጌዴኦ፣ እናት ጉጂ የሆኑበት ቤት አለ። በቡና ለቀማ ሰሞን በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ሳሎን በቴሌቪዥን ኮሜዲ አይቼ አላውቅም። በምናያቸው ኮሜዲዎች ብሔር ብዙ ጊዜ በስሙ አይጠራም፤ ከገጠር የመጣው ሰው አነጋገር ግን ያስቀናል።

ስለዚህ ቀጣዩን ኮሜዲ ስታዩ ሁለት ነገር ለኩ፦ ስሙ የማይነሳው ጉዳይ ምንድን ነው? የሚሳቀውስ በማን ነው? መልሱ ዜሮ ከመሰላችሁ፣ መጀመሪያ ገመዱን እዩት።