ትንሹ የጀልባ ሞተር ስለምን ያነክሳል?

ማለዳ ከባሕር ዳር ወደብ ቆሞ ጣናን የተመለከተ ሰው ሐይቁን እንደ መስተዋት ጸጥ ብሎ ያገኘዋል። ከቀትር በኋላ ግን ነፋሱ ይነሣና ያው ጸጥ ብሎ የነበረው ውኃ ማዕበል ማንሣት ይጀምራል። ስለዚህም በጣና ላይ በሞተር ጀልባ እንጀራውን የሚያበስል ሰው ሒሳቡ ሁሉ ከሰዓት ጋር ነው። መንገደኛውን ጭኖ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴቶቹ ማልዶ ይሄዳል፤ ነፋሱ ሳይበረታ ይመለሳል። ይህም የሚሆነው ሞተሩ መንገድ ላይ ካልከዳው ነው።

ባለፈው ሰሞን በወደቡ አጠገብ አንድ ወጣት ባለጀልባ የሞተሩን ገመድ ደጋግሞ ሲስብ አገኘሁት። ከጀልባው ኋላ የታሰረው ሞተር ባለ ሁለት ምት፥ ባለ ሁለት ሲሊንደርና ባለ 8 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ዕድሜው ከባለቤቱ ዕድሜ ሳይበልጥ አይቀርም። ሲያስነሡት ደኅና ይነሣል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ከተጓዘ በኋላ ግን እየተንተፋተፈ ይደክምና ጸጥ ይላል። ጥቂት ቆይተው ሲስቡት እንደገና ይነሣል። ልጁ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ካንዴላ ለውጧል፤ ካርቡራቶሩንም አስፈትቶ አሳጥቧል። በመጨረሻ ወዳጆቹ «ይህስ አርጅቷል፤ ሸጠህ ሌላ ግዛ» ስላሉት ገንዘብ ለመበደር ደጅ መጥናት ጀምሮ ነበር።

በዚያው ሰዓት በዕድሜ የገፉ አንድ መካኒክ መጡና ሞተሩን ከመንካታቸው በፊት ጠየቁት።

«አንተ ልጅ፥ ሊጠፋ ሲል ድንገት ነው የሚጠፋው ወይስ እየደከመ?»

«እየደከመ ነው፥ ጋሼ።»

«እንግዲያውስ ካንዴላውን ተወው።»

እኔም ይህን ስሰማ ነገሩ ገረመኝና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ብዙውን ጊዜ በድንገት ቀጥ የሚል ሞተር ችግሩ ከኤሌክትሪኩ ነው፤ እየተንተፋተፈ የሚደክም ግን ቤንዚን እየጠማው ነው። ይህ ሁልጊዜ የማይስት ሕግ ባይሆንም ፍለጋውን ከየት እንደሚጀምሩ ያመለክታል።

የሞተሩ ተፈጥሮ

የመኪና ሞተር ዘይቱን ከሥሩ ባለው ማጠራቀሚያ ይዞ እያዘዋወረ ይጠቀምበታል። ባለ ሁለት ምት የሆነው የጀልባ ሞተር ግን እንዲህ ያለ ማጠራቀሚያ የለውም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይደባለቃል፤ ድብልቁም መጀመሪያ ከፒስተኑ በታች ወዳለው ክፍል ገብቶ በዚያ ያሉትን ኩሽኔታዎች ያለሰልሳል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ላይ ወጥቶ ይቃጠላል። ይህን ቀላል አሠራር በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ ያወጣው በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ የነበረው ጆሴፍ ዴይ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ከኖርዌይ ወደ አሜሪካ የሄደው ኦሌ ኤቪንሩድ አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ያለውን፥ 28 ኪሎ ያህል የሚመዝነውን የጀልባ ሞተሩን ለገበያ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ብዙ ቢሻሻልም ተፈጥሮው ያው ነው።

ከዚህ ተፈጥሮ አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል፤ ይኸውም ቤንዚን ያነሰው ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይትም ያነሰው መሆኑ ነው። የመኪና ሞተር ቤንዚን ቢያንሰው ይደክማል እንጂ ዘይቱ ከሥሩ አለ። ይኸኛው ግን ቤንዚን ሲያንሰው በአንድ በኩል ከመጠን በላይ ይግላል፥ በሌላ በኩል ይደርቃል፤ ፒስተኑም ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ያነክሳል ተብሎ ችላ የተባለ ሞተር የሚሞተው በዚህ መንገድ ነው።

ፍለጋው ከቤንዚኑ ይጀመር

ስለዚህ መፍቻ ከማንሣት አስቀድሞ ከጋኑ ያለውን ቤንዚን በብርጭቆ ቀድቶ በብርሃን ማየት ይገባል። ውኃ ከገባበት ውኃው ከሥር ተለይቶ ይታያል። በብዙ አገር ቤንዚን ላይ የሚጨመረው ኤታኖል የሚባለው አልኮል ደግሞ እርጥበት ይስባል። ለወራት የቆየ ድብልቅም ቀላሉ ክፍል ተንኖ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ዝቃጭ ይተዋል፤ ይህም ዝቃጭ በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችውን እንደ መርፌ ዓይን የጠበበች መርጫ ይደፍናታል። ሞተሩ ለክረምት ሲቀመጥ ካርቡራቶሩን ባዶ አድርጎ የማስቀመጥ ጥቅሙ ይኸው ነው።

የዘይቱም ልክ ቢሆን በግምት አይሠራም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የተሠሩት ትንንሽ ሞተሮች አብዛኞቹ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ይበቃቸዋል፤ ከአሮጌዎቹ ብዙዎቹ ግን 1 ሊትሩን ለ25 ሊትር ይፈልጋሉ። ለአዲሱ የተነገረውን ልክ ለአሮጌው መስጠት ቁጠባ መስሎ የሚታይ ጥፋት ነው።

ቤንዚኑ ንጹሕ ከሆነ የሚቀጥለው ጥያቄ ወደ ሞተሩ ይደርሳል ወይ የሚል ነው። ከጋኑ በሚመጣው ቱቦ መካከል እንቁላል የሚመስል በእጅ የሚጨመቅ ጎማ አለ። ሞተሩ መድከም ሲጀምር ይህን ጎማ ቢጨምቁትና ነፍስ ቢዘራ፥ ችግሩ ከጋኑ አንሥቶ እስከ ቤንዚን ፓምፑ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ቱቦው ተሰንጥቆ አየር ይስብ ይሆናል፥ ፊልትሮው ቆሽሾ ይሆናል፥ ወይም የፓምፑ ስስ ጎማ ተቀዷል። መጨመቁ ምንም ካልለወጠና ቾኩን በጥቂቱ ሲስቡ ከተሻለው መርጫዋ ተደፍናለች ማለት ነው። ቾክ ሲሳብ ጭራሽ የሚብስበት ከሆነ ግን ቤንዚን በዝቶበታል። በሁለት ጣት የሚደረግ ምርመራ የአንድ ቀን ፍታ ግጠም ያስቀራል።

ካንዴላው ከተፈታ ወዲያ የሚጠቅመው እንደ ምስክር ነው። ጤነኛ ሞተር ካንዴላውን እንደ ገብስ ቆሎ ቡናማ ያደርገዋል። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቷል፥ ወይም እሳት አልደረሰውም፤ ነጭ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ቤንዚን እያነሰው ከመጠን በላይ ግሏል። እሳቱን ለማየት ካንዴላውን ከሞተሩ ብረት አስነክቶ ገመዱን መሳብ ነው፤ ነገር ግን ከክፍቱ ቀዳዳ የሚወጣው የቤንዚን እንፋሎት በዚያው ብልጭታ ሊቀጣጠል ስለሚችል ካንዴላውን ከቀዳዳው ማራቅ ግድ ነው። ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር በአንዱ ብቻ እየሠራ ባለቤቱ ሳያውቅ ብዙ ጊዜ የሚቆይ መሆኑንም መካኒኩ ነግረውኛል። ይነሣል፥ ይሄዳል፥ ጉልበት ግን የለውም።

የሲሊንደሩን እመቃ የሚለካ መሣሪያ ሲገኝ በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ 10 ባይበልጥ ጥሩ ነው። አንዱ በጣም ዝቅ ብሎ ከተገኘ ጉዳዩ የጋራዥ ነው።

በጣና ላይ ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የታየው እምቦጭ የራሱን ችግር አምጥቷል። ኤሊካውን ይጠመጥመዋል፤ የማቀዝቀዣውን ውኃ መግቢያም ይደፍናል። ከሞተሩ ጎን እንደ ክር የሚፈሰው ውኃ ከቆመ ሞተሩን በዚያው ቅጽበት ማጥፋት ነው።

የከፍታው ነገር

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ሞተሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጣው ለባሕር ዳርቻ ተስተካክሎ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ የሞተር ጉልበት በየ300 ሜትሩ ከመቶ 3 ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ ባለ 8ቱ ጉልበት በጣና ላይ ከስድስት ተኩል ብዙም አይዘልም፤ ይህ በሽታ አይደለም። አየሩ ሲሳሳ በካርቡራቶሩ የሚገባው ቤንዚን ለአየሩ ይበዛበታል፤ ጭሱም ይጨምራል። ባለጀልባው ታዲያ ጭሱን ለመቀነስ ብሎ የካርቡራቶሩን መርፌ ያጠብባል። በልክ ሲደረግ ትክክል ነው፤ ትንሽ ሲያልፍ ግን ከላይ ወደተናገርነው መድረቅ ይደርሳል። በጣና የጠበበውን ሞተር ከፍታው 500 ሜትር ገደማ ወደሆነው ወደ ጋምቤላ ወስዶ ባሮ ላይ የሚነዳው ሰውማ፥ በዚያ አየሩ ስለሚወፍር፥ ሞተሩን በራሱ እጅ ያቃጥለዋል።

በነገራችን ላይ ባለ ካርቡራቶር የሆነው ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሚጠጣው ቤንዚን እስከ ከመቶ 30 ድረስ ሳያቃጥል ወደ ውኃው የሚተፋበት ጊዜ አለ። ከፍታው ከጣና ብዙም በማይርቀው በአሜሪካው ታሆ ሐይቅ ላይ በ1999 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አብዛኞቹን እንዲህ ያሉትን ሞተሮች መከልከል የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ጣናን ለሚጠጡትም ሆነ ዓሣ ለሚያወጡበት ነገሩ ቀላል አይደለም።

ወደ ልጁ እንመለስ። ሽማግሌው ከጀልባው ገብተው ጥቂት እንደ ተጓዙ ሞተሩ መድከም ጀመረ። የጎማውን እንቁላል ጨመቁት፤ ሞተሩ ነፍስ ዘራ። ቀጥለው የጋኑን ክዳን ቢከፍቱት አየር እየተሳበ ሲገባ ድምፁ እኔ ካለሁበት ከዳር ተሰማ። በክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ብሎን ተከፍታ ነበር፤ ከሥሯ ያለችው ቀዳዳ ግን በደረቀ ዘይትና በአቧራ ተደፍናለች። ጋኑ አየር ስለማያገኝ ቤንዚኑን ይዞ አስቀርቷል። በቀጭን ሽቦ ወጓት፤ ቀዳዳዋ ተከፈተች።

ልጁ ደስ ብሎት ገመዱን ሊስብ ሲል አስቆሙትና ሁለቱን ካንዴላዎች አስፈቱት። ሁለቱም ነጭ ነበሩ።

«ይህን መርፌ ማን ነካው?»

«እኔው ነኝ፥ ጋሼ። ጭሱ ሲበዛ መንገደኛ እየተቆጣ አስቸገረኝ።»

ሽማግሌው መርፌዋን ሩብ ዙር፥ ሩብ ዙር እያሉ መልሰው አላሏት፤ በየጊዜውም በሙሉ ጉልበት አስነድተው ካንዴላውን ያዩ ነበር። በአራተኛው ጊዜ የቆሎ ቀለም አወጣ። ጭሱ ከበፊቱ ጥቂት ጨምሯል፤ ልጁ ግን በዚህ ጊዜ ምንም አልተናገረም። ሰዓቱ ገና አራት ስለነበረ ሲጠብቁት ከነበሩት መንገደኞች ስድስቱን ጭኖ ወደ ዘጌ ተነሣ፤ ነፋሱ ሳይነሣም ተመለሰ።